የድረ ገጹ ቁልፍ በማን ኪስ ነው?

«ልጄ፣ የእኛ ዌብሳይት ቁማር ቤት ሆኗል» አሉ ሴትዮዋ።

ሐዋሳ ውስጥ ባለ አሥራ ሁለት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ስልኩን ያነሳው አዲስ አበባ የሚሠራ፣ ከዚያ በፊት ከእሳቸው ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ የዌብሳይት ዴቨሎፐር ነው። አድራሻውን ጻፈና ከፈተው። እውነትም የአልጋ ክፍልና የቁርስ ፎቶ በነበረበት ቦታ የውጭ አገር የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ብልጭ ድርግም ይላል።

«እትዬ፣ ዶሜይኑ በማን ስም ነው የተመዘገበው?»

«ዶሜይን ማለት?»

«ስሙ፣ አድራሻው። በየዓመቱ የሚከፈልበት።»

«ያኔ የሠራልን ልጅ ነዋ ሁሉንም የጨረሰው! አሁን ካናዳ ነው አሉ። ስልኩም አይሠራም።»

በሙያው ጥቂት ዓመት የቆየ ዴቨሎፐር ይህን የመሰለ ስልክ ሳይደወልለት አይቀርም። ደዋዩ አንድ ጊዜ የግል ክሊኒክ ነው፣ ሌላ ጊዜ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ጊዜ ቡና ላኪ። ታሪኩ ግን ያው ነው። ዌብሳይቱ ተሠራ፣ ተመረቀ፣ በፌስቡክ ተበሠረ። በማግሥቱ ማን እንደሚጠብቀው፣ ማን እንደሚከፍልለት፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀመጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስለ ዌብሳይት ሥራ በየካፌው የሚነሳው ክርክር ብዙ ነው። ዎርድፕረስ ይሻላል ወይስ ከዜሮ በኮድ መጻፍ? አገር ውስጥ ሰርቨር ወይስ አውሮፓ? ቴሌግራም እያለ ዌብሳይት ለምን? ሁሉም ደህና ጥያቄዎች ናቸው። ግን ሁሉንም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፦ የሠራው ልጅ ነገ ቢጠፋ፣ ይህ ዌብሳይት በሦስተኛው ዓመት በሕይወት ይኖራል ወይ? ለዚህ መልስ የሌለው ዌብሳይት ምንም ያህል ቢያምር ባለቤት የለውም።

ሦስት ነገር፣ ሦስት ቁልፍ

ብዙ ባለንብረት ዌብሳይት አንድ ዕቃ ይመስለዋል። ነገሩ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ዶሜይኑ ነው፤ ማለትም ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው ስም። ሁለተኛው ሆስቲንጉ ነው፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት፣ ሌሊትና ቀን መብራት የማይጠፋበት ኮምፒውተር። ሦስተኛው ይዘቱ ነው፤ ኮዱ፣ ፎቶው፣ ጽሑፉ፣ የደንበኛ ዝርዝሩ። ዶሜይኑ የቦታው ካርታ ነው ብንል፣ ሆስቲንጉ የተከራየነው ቤት፣ ይዘቱ ደግሞ የቤቱ ዕቃ ነው። ቤት መቀየር ይቻላል፤ ዕቃም ይጓጓዛል። ካርታው ከጠፋ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል።

ዶሜይን ለዘለዓለም አይሸጥም። በዓመት ይከራያል፤ ዶት ኮም ከሆነ በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ መክፈል ይቻላል። ክፍያው ሲያልፍ ስሙ ወዲያው አይጠፋም። መዝጋቢው ድርጅት እንደ አሠራሩ እስከ 45 ቀን ይታገሣል። ከዚያ በኋላ በቅጣት የሚመለስበት 30 ቀን አለ። ከዚያ ደግሞ 5 ቀን፤ ከዚያ ለዓለም ሁሉ ክፍት ይሆናል። ቢበዛ 80 ቀን ማለት ነው። ችግሩ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ስሙን ባስመዘገበው ሰው ኢሜይል መሆኑ ነው። ካናዳ ያለው ልጅ ያንን ኢሜይል ከፍቶም ላያውቅ ይችላል።

በሌላ በኩል ደግሞ የወደቁ ስሞችን የሚያድኑ አሉ። ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ስም በጉግል ዘንድ ተአማኒነት አለው፤ ሌሎች ገጾች ወደ እሱ ይጠቁማሉ። ስለዚህ ስሙ በወደቀበት ቅጽበት ገዝተው ማስታወቂያ ይለጥፉበታል። የሐዋሳዋ ሴትዮ ስም እንዲያ ነው ቁማር ቤት የሆነው። ማንም ሰብሮ አልገባም፤ በሩ ተከፍቶ ነው የተገኘው።

ለምን በልጁ ስም ሆነ?

እዚህ ላይ ልጁን ሌባ ማለት ይቀላል። ግን ፍትሐዊ አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው ከዶላር ነው።

ዶት ኮም ዶሜይንም ሆነ የውጭ ሆስቲንግ የሚከፈለው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። አብዛኛው ሰው በኪሱ የያዘው የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ ደግሞ ለዚህ አይሠራም። ታዲያ ምን ይደረግ? ዴቨሎፐሩ ሜሪላንድ ላለች እህቱ ወይም ዱባይ ላለ ጓደኛው ይደውላል። እነሱ በካርዳቸው ይከፍላሉ። አካውንቱ በእነሱ ወይም በእሱ ኢሜይል ይከፈታል። ደንበኛው በብር ይከፍለዋል። ሥራው ተጠናቀቀ፣ ሁሉም ደስ አለው። ማንም ያላስተዋለው ነገር ቢኖር፣ አዲስ አበባ ያለ የአንድ ክሊኒክ አድራሻ በሕግ ዓይን የሜሪላንድ ነዋሪ ንብረት መሆኑን ነው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120 ብርን አለፈ። በወር 10 ዶላር የሚከፈልበት ሆስቲንግ በዓመት 120 ዶላር ነው። በፊት በባንክ ሒሳብ 7 ሺህ ብር የማይሞላው ወጪ በአንድ ጊዜ ከ14 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ለደንበኛው «ዘንድሮ እጥፍ ነው» ብሎ መንገር ከባድ ነው፤ ደንበኛውም «ያው ዌብሳይት አይደለም እንዴ?» ይላል። አንዳንዱ ዴቨሎፐር ልዩነቱን ከኪሱ ሸፈነ፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ተወው። የተተወው ዌብሳይት መዘጋቱን ባለቤቱ የሚያውቀው ደንበኛ ሲነግረው ነው።

በኢትዮጵያ ስም የሚጠራው ዶት ኢቲ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አለ፤ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ክፍያው በብር ነው፤ ምዝገባውም በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ይደረጋል። ታዲያ ብዙዎች ዶት ኮምን የሚመርጡት ፈጣን ስለሆነና ከቤት ሳይወጡ በአምስት ደቂቃ ስለሚያልቅ ነው። ያቺ አምስት ደቂቃ ግን ኋላ ዋጋ ታስከፍላለች። ደንበኛው አገር ውስጥ የሆነ፣ ንግድ ፈቃዱም አገር ውስጥ ያለ ድርጅት ዶት ኢቲን መያዙ የአገር ፍቅር ጉዳይ አይደለም፤ ስሙን በራሱ ስም፣ በራሱ ገንዘብ የመያዝ ጉዳይ ነው። ዶት ኮምም ያስፈልገኛል ካለ ሁለቱንም መያዝ ይችላል።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

ስልኩን ያነሳው ዴቨሎፐር በዚህ ጉዳይ ላይ ጽኑ አቋም አለው፦ «ሰርቨሩ የት ይሁን ብለህ አትጠይቀኝ፤ ደንበኛህ የት ነው ያለው?» ይላል። ልክ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ አንድ ጥያቄ ደርሶ መልስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መንገዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች አልፎ ነው ወደ ባሕር ገመድ የሚገባው። አንድ ገጽ ለመከፈት ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ በዚህ ላይ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ተጠቃሚው ሰልችቶት ይወጣል። ስለዚህ ደንበኞቹ አዲስ አበባ ያሉ የላቦራቶሪ ውጤት የሚሰጥ ክሊኒክ ወይም የትኬት ሽያጭ አገር ውስጥ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ዛሬ በአይሲቲ ፓርክ የግል ዳታ ማዕከላት ተሠርተዋል፤ «አገር ውስጥ ቦታ የለም» የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አይሠራም።

የሐዋሳዋ ሴትዮ እንግዶች ግን ግማሾቹ ከውጭ ነው የሚመጡት፤ ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የሚመጡ የእኛው ሰዎችም አሉበት። ለእነሱ ሌላ ስሌት አለ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጧል። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል። መስመር ሲቋረጥ አገር ውስጥ ያለ ሰርቨር ከውጭ ላለው ሰው ላይታይ ይችላል። ውጭ የተቀመጠው ግን ባለቤቱ ማየት ባይችል እንኳ ለእንግዳው ክፍት ሆኖ ይቆያል። አስጎብኚ ድርጅት ሰርቨሩን ውጭ ቢያደርግ የሚፈረድበት ለዚህ አይደለም።

አገር ውስጥም ይሁን ውጭ፣ ሁለቱም ቦታ ይቃጠላል። ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ ዳታ ማዕከል በአንድ ሌሊት ተቃጠለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዌብሳይቶች ተዘጉ። ባክአፕ ሌላ ቦታ ያስቀመጡት ተመለሱ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ራስት የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ እንኳ የአውሮፓ ሰርቨሮቹ ላይ የነበረውን መረጃ መመለስ አልቻለም። በአውሮፓ ትልቁ በሚባል ኩባንያ ይህ ከሆነ፣ «ሆስቲንጉ ራሱ ባክአፕ ይይዛል» የሚለው ማጽናኛ የት ያደርሳል? የሠርግ ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ሰው እንኳ አንዱን ቤት፣ አንዱን እናቱ ጋ ያስቀምጣል። ለድርጅት ዌብሳይትም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ሙሉ ቅጂ በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ማውረድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

መሣሪያ ሁሉ ይሠራል፣ ሁሉም ግን አይሰነብትም

አሁን ወደ ዋናው የካፌ ጠብ እንግባ። ወጣቱ ዴቨሎፐር ዎርድፕረስን ይንቃል። «እሱ ኮድ ነው እንዴ?» ይላል። ሪአክት፣ ኔክስት፣ ሌላም ሌላም ይጠራል። ሥራ ፍለጋ ሲሆን ትክክል ነው፤ የውጭ ቀጣሪ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ለአሥራ ሁለት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ግን ሌላ ሒሳብ አለ።

ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የተጀመረው። ዛሬ በዓለም ካሉ ዌብሳይቶች ከመቶው ከ40 በላዩ የሚሠራው በእሱ ነው። ይህ ማለት የሠራው ልጅ ቢጠፋ ነገ ሌላ ልጅ ይገኛል ማለት ነው፤ ፒያሳም፣ ሐዋሳም፣ ጅማም። በአዲስ ፍሬምወርክ፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ባለ አሠራር የተጻፈን ሥራ ግን ሁለተኛው ልጅ ከፍቶ ሲያየው «ከመጀመሪያው ብንሠራው ይሻላል» ይላል። ያንን ሒሳብ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ይህ ማለት ዎርድፕረስ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መስራቹ ከአንድ ትልቅ የሆስቲንግ ኩባንያ ጋር ተጣልቶ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ በመሃል ምንም የማያውቁ ደንበኞች ዌብሳይታቸውን ማዘመን አቅቷቸው ሰንብተዋል። ከዚህ የባሰው ጣጣ ደግሞ የራሳችን ነው፦ «ነልድ» የሚባለው፣ ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚታደል ቴምፕሌትና ፕለጊን። ዴቨሎፐሩ በዶላር መግዛት ስላልቻለ ከቴሌግራም ግሩፕ አውርዶ ይጭነዋል። ፈቃዱን የሰበረው ሰው ግን በነፃ አልሠራም፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ የኋላ በር ትቷል። ከስድስት ወር በኋላ የትምህርት ቤቱ ዌብሳይት የመድኃኒት ማስታወቂያ ይረጫል። ነፃ ሆኖ ጤነኛ የሆነ ሞልቷል፤ የተሰረቀውን መጫን ግን ለደንበኛ ቤት ቁልፉ በሌባ እጅ ያለ በር መግጠም ነው።

በኮድ መጻፍ ያኮራኛል የሚለውም ቢሆን ብቻውን አይጽፍም። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አንድ ዴቨሎፐር ተናድዶ ሌፍት ፓድ የተባለችውን 11 መስመር ኮዱን ከሕዝብ መጋዘን ላይ አነሳት። በዚያች 11 መስመር ላይ የተንጠለጠሉ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች በሰዓታት ውስጥ መገንባት አቆሙ፤ ከትልልቅ ኩባንያዎች ሳይቀር። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የምትንተራሰው ነገር ሲበዛ የሚወድቅብህም ይበዛል። ለትንሽ ድርጅት የሚያስፈልገው ጥቂት ገጽ፣ ጥቂት ፎቶ፣ ስልክ ቁጥርና ካርታ ከሆነ፣ ከሃያ ዓመት በፊት በነበረው ቀላል አሠራር ቢሠራ ማንም አይሞትም። እንዲያውም ዛሬ አንድ መካከለኛ የዌብ ገጽ ከ2 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል፤ ያንን ዳታ የሚከፍለው ፓኬጅ ገዝቶ የገባው ጎብኚ ነው።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። ዛሬም ግን ማስታወቂያውን በወረቀት አትሞ፣ ማኅተም መትቶ፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ዌብሳይት ላይ የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት አለ። ያ ጽሑፍ በጉግል አይፈለግም። ዓይነ ስውር ሰው በስልኩ አንባቢ ሊሰማው አይችልም። ከጽሑፉ ይልቅ ፎቶው በብዙ እጥፍ ይከብዳል። በአማርኛ የተጻፈ እውነተኛ ጽሑፍ ማስገባት ግን አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ዌብሳይት የሠራን ሰው «በአማርኛ ስሙን ስፈልገው ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ ባለንብረት መብት ነው።

«ቴሌግራም እያለ?»

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው። መርካቶ ያለ ነጋዴ በቴሌግራም ቻናሉ ይሸጣል፣ በቴሌብር ይቀበላል፣ በሞተር ይልካል። ዌብሳይት ለምን ያስፈልገዋል?

እውነቱን ለመናገር፣ ለብዙው አያስፈልገውም። ጥሩ ዴቨሎፐር ይህንን ለደንበኛው በግልጽ ይነግረዋል፤ ሥራ ቢያጣም። ለጫማ ሻጭ የማይጎበኝ ዌብሳይት መሥራት ገንዘቡን መብላት ነው።

ግን ቻናልም ቤት አይደለም፤ የሰው ግቢ ውስጥ የተዘረጋ ሸራ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በራሳቸው ስሕተት ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተዋል። ስድስት ሰዓት ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገድበው ነበር። አምስት ወር! ቪፒኤን የያዘ ደንበኛ መጣ፣ ያልያዘው ቀረ። በዚያ ጊዜ የራሱ ስም ያለው ዌብሳይት፣ የደንበኞቹን ስልክ በራሱ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ቢያንስ አንድ መንገድ ቀርቶለታል። ቻናሉን ብቻ የያዘው ግን የእሱ ያልሆነን በር ሲጠብቅ ከረመ።

ስለዚህ ምርጫው ቴሌግራም ወይስ ዌብሳይት አይደለም። ቴሌግራሙ ገበያው ይሁን፤ ስሙና የደንበኛ ዝርዝሩ ግን የራስ ይሁን።

የዴቨሎፐሮችም ጥፋት

እስካሁን ደንበኛው ነው የተወቀሰው። ዴቨሎፐሩስ?

በሙያው ውስጥ በግልጽ የማይነገር ልማድ አለ፤ ቁልፉን እንደ መያዣ መያዝ። ደንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ አይከፍልም፤ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ይላል። ዴቨሎፐሩም ተምሯል፦ ዶሜይኑን በራሴ ስም ካደረግሁ ካልከፈለኝ እዘጋዋለሁ። የሁለቱም ፍርሃት እውነት ነው። ውጤቱ ግን አለመተማመን በአለመተማመን ላይ የተገነባ ሙያ ነው። ደንበኛው ከዴቨሎፐሩ ያመልጣል፣ ዴቨሎፐሩ ከደንበኛው ይደበቃል፣ በመሃል ዌብሳይቱ ይሞታል። መያዣው መሆን ያለበት ውልና ቅድመ ክፍያ ነው፤ የሰው ስም አይደለም። ያልተከፈለውን ሰው ፍርድ ቤት ይሰማዋል፤ በራሱ ስም ያስመዘገበውን የሰው ድርጅት ስም ይዞ ሲቀርብ ግን ከሳሹ ተከሳሽ ይሆናል።

ዋጋም አለ። ሙሉ ዌብሳይት በጥቂት ሺህ ብር እሠራለሁ የሚል ማስታወቂያ በየግሩፑ ይታያል። በዚያ ዋጋ ጥገና፣ ባክአፕ፣ ማስረከቢያ ሰነድ አይኖርም፤ ሊኖርም አይችልም። ርካሹ የሚረክሰው በሦስተኛው ዓመት ላይ ያለውን ወጪ ስለማይቆጥረው ነው። ጨረታም ላይ ያው ነው፤ መሥሪያ ቤቶች አነስተኛውን ዋጋ ይመርጣሉ፤ ጥገና የሚል መስመር ግን ሰነዱ ውስጥ የለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ጀምሯል። መልካም ነው። ቻትጂፒቲን የመሰሉ መሣሪያዎችም ኮድ መጻፍን አቅልለዋል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያምር ገጽ ማውጣት ይቻላል። ይህ ሁሉ ግን የመሥራትን ዋጋ ነው ያወረደው፤ የመጠበቅን አይደለም። ማሽኑ ገጹን ይጽፋል፤ ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ባክአፑ የት እንዳለ፣ የታካሚው ስልክ ቁጥር በማን እጅ እንደገባ የሚጠየቀው ግን ሰው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በዌብሳይቱ ቅጽ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ራሱ ኃላፊ ነው፤ «የሠራው ልጅ ነው የሚያውቀው» የሚል መልስ አያድነውም። ስለዚህ አምስት ሚሊዮን ሰው ኮድ ከመማሩ ጎን ለጎን ውል መጻፍና ማስረከብን ቢማር ለአገር የበለጠ ይጠቅማል።

ከመክፈልዎ በፊት

ዌብሳይት ሊያሠሩ ያሰቡ፣ ወይም ያሠሩ ሁሉ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታቸው በፊት አምስት ነገር ይጠይቁ።

1. ዶሜይኑ በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል ይመዝገብ። በሠራተኛም፣ በልጅም፣ በዴቨሎፐርም ስም አይሁን።

2. የሆስቲንጉና የዌብሳይቱ ዋና የይለፍ ቃል በጽሑፍ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ባለቤቱም በራሱ ገብቶ ይሞክረው።

3. የሚታደስበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ፤ የሂሳብ ሠራተኛው የቀን መቁጠሪያ ላይ ከሁለት ወር በፊት ይሰየም።

4. ሙሉ ቅጂው በየወሩ ይውረድ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ይሠራ እንደሆነ ይሞከር፤ ያልተሞከረ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም።

5. የጥገና ውል ይኑር፤ ትንሽም ቢሆን በዓመት የሚከፈል። ዴቨሎፐሩ ሲከፈለው ስልኩን ያነሳል።

ይህንን ሲሰማ ቅር የሚለው ዴቨሎፐር ካለ ሥራውን ሌላ ሰው ይሥራው። ይህንን ሲሰማ «ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ባለንብረት ካለ ደግሞ ቴሌግራም ይበቃዋል።

የሐዋሳዋ ሴትዮ የድሮ ስማቸው አልተመለሰም። የገዙት ሰዎች የማይቀመስ ዋጋ ጠሩ። ስሙ ግን በር ላይ ባለው ሰሌዳ፣ በክፍል ቁልፎቹ መያዣ፣ ለዓመታት በተበተነው የአድራሻ ካርድ ላይ አለ። ውጭ አገር ያለ የድሮ እንግዳ ዛሬም ካርዱን አውጥቶ ስሙን ሲጽፍ የሚቀበለው ውርርድ ቤት ነው። ዴቨሎፐሩ አዲስ ስም በእሳቸው ንግድ ፈቃድ አስመዘገበላቸው። ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ ላከላቸው።

«ይህንን የት ላስቀምጠው?» አሉት በስልክ።

«የቤቱ ካርታ የት ነው ያለው፣ እትዬ?»

«ሳጥን ውስጥ።»

«እዚያው ያድርጉት።»